የላባ ውሰት

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ጭላቱን ያመጣላት በእንቁላል ካርቶን ነበር። ካርቶኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው ኩራት ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነገር ይቧጥጣል፤ ቆየት ብሎ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይቧጥጣል።

«እትዬ፣ ዛሬ ሳትመርቂኝ አልወጣም» አለ፣ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠው። «ያ ጫጩቶቼን ሲለቅም የከረመው ሌባ ተያዘ። መረቡ ውስጥ ተጠላልፎ አገኘሁት። ግን አልገደልኩትም። ቃል ቃል ነው።»

ሐኪሟ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች። ቀኑን በከተማው የእንስሳት ክሊኒክ ላምና ውሻ ስታክም ትውልና፣ ከሥራ መልስ ባሏ ትቶላት በሄደው ጋራዥ ውስጥ ወፍ ታክማለች። ጋራዡ መኪና ካየ ቆይቷል። በመኪናው ቦታ ሦስት የሽቦ ቤቶች፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ አሮጌ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይም የተሰቀሉ የቆዳ ጓንቶች አሉ። ከመስታወት ጋር የተላተመ፣ የመብራት ሽቦ የነካው፣ በወንጭፍ የተመታ ወፍ ሁሉ እዚህ ይመጣል። ጎረቤቱ «የወፍ ሆስፒታል» ይለዋል። ዋርሳዋ ግን የራሱ ስም አውጥቶለታል፦ «የሌቦች ማረፊያ»።

ቢል አይፈረድበትም። ዶሮ አርቢ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሁለት ረጃጅም የዶሮ ቤቶችና ጫጩቶች የሚውሉበት የታጠረ ግቢ አለው። በየዓመቱ ነፋሱ ሊዞር ሲል ጭላቶች በመንጋ እየመጡ ቄራው አጠገብ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ ይሰፍራሉ፤ ጥቂት ሳምንታት ይከርማሉ፤ ነፋሱ ሲመቻቸው ደግሞ ተነሥተው ወደ ሩቅ አገራቸው ይሄዳሉ። እነዚያን ሳምንታት ዋርሳዋ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ነው የሚያሳልፋቸው። ድሮ ጠመንጃ ይዞ ነበር የሚጠብቃቸው። ታላቅ ወንድሙ፣ የሐኪሟ ባል፣ አንድ ቀን ጠመንጃውን ከእጁ ተቀበለና «እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ጭላት አትገድልም» ብሎ አስማለው። መሐላው በቃሉ ከተያዘ ከወንድምዬው ጋር አብሮ ተቀብሯል። ዋርሳዋ ግን ከቀብሩ ማግስት ጠመንጃውን ሸጠው። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም።

ሐኪሟ ካርቶኑን ከፈት አደረገች። ጭላቱ ጥግ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ አፈጠጠባት። ቡናማ ነው፤ ጅራቱ እንደ መቀስ አፍ የተሰነጠቀ፣ ዓይኑ የነቃ። ፎጣ ጣል አደረገችበትና አወጣችው። እግሩ ደኅና ነው። ደረቱ ሥጋ አለው። ግራ ክንፉን ዘረጋችው፤ ሙሉ ነው። ቀኙን ስትዘረጋ እጇ ባለበት ቀረ።

የቀኝ ክንፉ ትልልቅ ላባዎች፣ ከጫፍ እስከ መሐል፣ እንደ አዲስ መጥረጊያ እኩል ተቆርጠዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ክንፉ።»

«እ! እሱማ እኔ ነኝ የቆረጥኩልሽ!» አለ ደስ ብሎት። «እንዳያመልጥሽ ብዬ። ጉልበቱ አይጣል ነው። ለዶሮዎቼ እንደማደርገው ቀኙን ብቻ በመቀስ ከርከም አደረግኩት። አንዲት ጠብታ ደም የለም፣ እዪው እስቲ። እጄ ለዚህ የተባረከ ነው።»

ሐኪሟ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጭላቱ ጭኗ ላይ በፎጣ እንደተጠቀለለ ነው።

«ዶሮ ክንፏ ሲከረከም ምን ትሆናለች?»

«ምን ትሆናለች? ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እንቁላል ትጥላለች። አጥር አትዘልም፣ በቃ።»

«ጭላትስ?»

ጎንበስ ብሎ የተከረከመውን ክንፍ አየ።

«ያድግለታል እኮ» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «እንደ ጥፍር አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። የተቆረጠ ላባ እንደተቆረጠ ይቆያል። ወቅቱ ሲደርስ አንድ በአንድ እየወደቀ በቦታው አዲስ ይበቅላል። ይኼን ሁሉ ለመተካት ዓመት አይበቃውም።»

«ዓመት ይቆያላ። እኔ አበላዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ? የሞቱ ጫጩቶች አሉኝ።»

«በሽቦ ቤት ዓመት የከረመ ጭላት የቀረውንም ላባ በሽቦው ይጨርሰዋል። እግሩ ይቆስላል። ጓደኞቹ ደግሞ በዚህ ወር ይሄዳሉ። ከእነሱ ጋር ካልሄደ መቼም አይሄድም።»

ዋርሳዋ ኮፍያውን አወለቀ። «ታዲያ ብገድለው ይሻል ነበር?»

«እሱን አላልኩም።»

«ልታለቅሺ ነው?»

«አይደለም።»

«ፊትሽ እንደዚያ…»

«ፊቴ እንዲህ ነው። ሚዛኑን አቀብለኝ።»

በዚህ መሐል አማቷ ሻይ ይዘው ገቡ። ልጃቸውን ቀብረው፣ የልጃቸውን ሚስት ጥለው መሄድ አንጀታቸው ስላልቻለ፣ እዚያው አብረዋት የሚኖሩ ሴት ናቸው። ትሪውን አስቀምጠው የሁለቱን ፊት አዩ፤ ቀጥለው ጭላቱን።

«ምነው፣ ሎሚ የመጠጠ ሰው መሰላችሁ?»

ዋርሳዋ ነገራቸው። ሳይደብቅ፣ ሳያሳምር ነገራቸው። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለዚህ ልጅ መቀስ አይሰጥም ብያለሁ፤ ማን ይሰማል! ወንድሙን ግማሽ ራሱን ብቻ ላጭቶ ትምህርት ቤት የላከው ይኸው ነው። ያኔም ‹አሳምሬዋለሁ› ነበር ያለኝ።»

«እማዬ፣ ያኔ እኮ ስድስት ዓመቴ ነበር!»

«አሁንስ?»

ሐኪሟ ሳታስበው ፈገግ አለች። ፈገግታው ብዙ አልቆየም፤ ጭላቱ ግን በዚያች ቅጽበት ተመዘነ።

* * *

መላ አልጠፋም፤ ላባ ይቀጠላል። ሐኪሟ ዩኒቨርሲቲ ሳለች አይታዋለች፤ አንዴም ራሷ ሞክራ ተሳክቶላታል። የላባ አገዳ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ነው። ከሌላ ጭላት የተገኘ ላባ በልኩ ይቆረጣል፤ ከቀርከሃ የተሳለ ቀጭን ችካል ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በተቆረጠው ጉቶ ውስጥ ገብቶ በሙጫ ይያያዛል። ወፉ አያመውም፤ የሞተ ነገር ላይ የሞተ ነገር መቀጠል ነው። ችግሩ ላባው ነው። የቀኝ ክንፍ የቀኝ ላባ ይፈልጋል፤ አንደኛው ላባ በሦስተኛው ቦታ አይገባም። ላባ እንደ ጫማ ነው፤ ግራና ቀኝ አለው፤ ቁጥር አለው።

«የቄራው ዛፎች ሥር ላባ በሽበሽ ነው» አለ ዋርሳዋ፣ ጥፋቱን ለመካስ ቸኩሎ። በማግስቱ ተያይዘው ሄዱ። ዛፎቹ ላይ ጭላቶቹ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ያለው መሬት በኩስ ነጭ በነጭ ሆኗል። ሁለቱ አጎንብሰው በጭቃውና በአጥንቱ መካከል ለቀሙ፣ ለቀሙ።

«ይኼውና!»

«የጅራት ነው።»

«ይኼስ? ይኼማ የክንፍ ነው።»

«የክንፍ ነው። የግራ ነው።»

«ይኼ?»

«የግራ።»

«እነዚህ ወፎች ቀኝ የላቸውም እንዴ? ሁሉም ግራ ናቸው?»

የቄራው ዘበኛ ከሩቅ ቆሞ ሲያያቸው ቆየና መጣ። «ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ምንም። ወፍ የለም» አለ ዋርሳዋ ተስፋ ቆርጦ።

ዘበኛው ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ። ቀጥሎ ዋርሳዋን አየ። ምንም ሳይናገር ወደ በሩ ተመለሰ፤ ሄዶም ለጓደኛው ምን እንደነገረው ከሳቃቸው ይታወቅ ነበር።

ሲመለሱ መኪናውን የሚነዳው ዋርሳዋ ነበር። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «እትዬ» አለ፤ «እቤት ያለውስ?»

የትኛውን እንደሚል አልጠየቀችውም። ካርቶኑን ከፍታ የተቆረጠውን ክንፍ ካየችበት ደቂቃ ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር አላሰበችም ነበር።

ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሕመሙ ገና ስም ሳይወጣለት፣ የመብራት ምሰሶ ሥር የሞተ ጭላት አገኘ። ቀኝ ክንፉን በጥንቃቄ ለይቶ፣ በጨው አድርቆ፣ እጀታውን በቆዳ ጠፍር ጠምጥሞ ለእናቱ የአቧራ ማራገፊያ አደረገላቸው። አሮጊቷ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው የልጃቸውን የመጻሕፍት መደርደሪያና ፎቶግራፉን በዚያ ክንፍ ያራግፋሉ። ሲጨርሱ መሳቢያ ውስጥ ያስገቡታል። ሌላ ሰው አይነካውም። አትንኩ ያለ ባይኖርም አይነካውም።

«እማማን እንዳትጠይቅ» አለች ሐኪሟ።

«ጥቂት ላባ ብቻ እኮ…»

«ጥቂት አይደለም፤ ክንፉ ሁሉ ነው። ልጃቸውን ቀብረዋል። እጁ የሠራው የቀረላቸው እሱ ነው። እንዳትጠይቅ።»

«እሺ» አለ። ከወንድሙ ስም ጋር የመጣ ነገር ላይ ተከራክሮ አያውቅም።

* * *

ቀናቱ ሄዱ። ሐኪሟ የድሮ የትምህርት ጓደኛዋ ዘንድ ደወለች፤ ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ደርቆ የተቀመጠ ጭላት እንዳለ፣ ላባውን ለመስጠት ግን የኃላፊ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ኃላፊውም በጉዞ ላይ እንደሆነ ተነገራት። ቄራው ዘንድ ሁለቴ ተመለሰች። አንድ የቀኝ ላባ አገኘች፤ ዕድሜ ጠገብ ብሩሽ ይመስላል።

ጭላቱ ምግብ መተው ጀመረ። በጋራዡ መስኮት በኩል የወገኖቹ ፉጨት ሲሰማ ከእንጨቱ ላይ ይነሣል፤ ግራ ክንፉ አየሩን ይይዝለታል፣ ቀኙ ባዶውን ይቀዝፋል፣ ከዚያ በጎኑ ዞሮ ይወድቃል። ይነሣል፤ እንጨቱ ላይ በእግሩ ተንጠላጥሎ ይወጣል፤ ደግሞ ይሞክራል። ሐኪሟ ሽቦው እንዳይጎዳው ዙሪያውን በጨርቅ ጋረደችለት። ለመውደቁ ግን የምትጋርደው ነገር አልነበራትም።

ነፋሱም መዞር ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት የተሰጣ ልብስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚነፋው።

አንድ ቅዳሜ አማቷ ጋራዡ ውስጥ ገብተው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ሻይ አልያዙም። ጭላቱ ሲነሣ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ ቁጭ ብለው አዩ።

«ይኼ ልጅ ነገረኝ» አሉ በመጨረሻ።

ሐኪሟ ፊቷ ጋለ። «እንዳይነግርዎት ብዬው ነበር።»

«አንቺ ‹እንዳትጠይቅ› ነው ያልሽው። አልጠየቀኝም። ነገረኝ። እንደ ጠበቃ ሆኗል ዘንድሮ።»

«እማማ፣ እሱ ክንፍ የእርስዎ ነው። ሌላ መላ አይጠፋም። ደውያለሁ፣ እየጠበቅኩ…»

«ለእኔ ብለሽ ነው የተውሽው?»

«ለማን ብዬ ይሆናል?»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አቧራ ያራገፍኩት በጨርቅ ነው፣ ልጄ። ክንፍ ምን ያደርግልኛል? ከዚህ አንሥቶ እዚያ ያስቀምጠዋል እንጂ አቧራ አያነሣም። ልጄም ቢሆን ሥራ ሲፈታ የሚሠራው አያጣም ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ‹እሰይ፣ ሸጋ ነው› ብዬ ተቀበልኩት፤ ምን እለዋለሁ?»

«በየማለዳው እኮ…»

«በየማለዳው አንቺ ሻይሽን ይዘሽ በሩ ላይ ትቆሚያለሽ። እኔ ሳራግፍ ታያለሽ። ስጨርስ ሻይሽን ትጨርሺና ሥራ ትሄጃለሽ። አንድ ቀን ወገቤን አሞኝ ሳላራግፍ ብቀር፣ ሻይሽ እንዳለ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ቢያመኝም አልቀርም።»

ጭላቱ እንጨቱ ላይ ወጥቶ ላባውን አራገፈ። ሐኪሟ ስለ ሌላ ሰው ኀዘን ብዙ የምታውቅ መስሏት ነበር፤ የራሷን ግን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ፣ ቁልፉን ለአማቷ ሰጥታ፣ ጠባቂዋ እሳቸው ናቸው ብላ ኖራለች።

«ስለዚህ ለእኔ እንዳትሳሺልኝ» አሉ አሮጊቷ እየተነሡ። «ለራስሽ የምትሳሺ ከሆነ እሱ ሌላ ነው። እሱ ውስጥ አልገባም። መሳቢያው የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

ሄዱ። በሩን አልዘጉትም።

ሐኪሟ ጥቂት ቆይታ ወደ ቤት ገባች። መሳቢያውን ሳበች። ክንፉ ነጭ ጨርቅ ላይ ተኝቷል፤ ጫፎቹ ከብዙ መደርደሪያ ጋር ታግለው ጠምዘዝ ብለዋል፤ ቀለሙ ግን መሳቢያው ከፀሐይ ስለጠበቀው አልለቀቀም። ጠፍሩን ፈልጋ ቋጠሮውን አገኘችው። ቋጠሮው ባሏ ሁሉን ነገር የሚያስርበት፣ እሷ «የሚፈታ አይመስልም» እያለች የምትስቅበት ዓይነት ነበር። መቀሱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ። መቀሱን አላነሣችም። ተቀመጠች፤ በጥፍሯ ጀመረች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ቤቱ ውስጥ ማንም አልጠራትም። በመጨረሻ ጠፍሩ ላላና መዳፏ ላይ ወደቀ፤ ሲፈታ ቀላል ነበር።

* * *

ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ቀዶ ጥገና ክፍል መሰለ። ዋርሳዋ እጁን ሁለቴ ታጥቦ ጭላቱን በፎጣ ያዘ፤ ጭላቱ እንዳይደነግጥ ጫፉ የተቀደደ የሕፃን ካልሲ ራሱ ላይ ተሰክቶለታል።

«አሁን ይኼ ካልሲ የለበሰ ፍጥረት ነው ያን ሁሉ ጫጩት የጨረሰው?» አለ። «ዶሮዎቼ ቢያዩት ይስቁ ነበር።»

«ዝም ብለህ ያዝ። ድምፅህን ቀንስ።»

አሮጊቷ ማንቆርቆሪያው ላይ ተመድበዋል። የተጠማዘዘውን ላባ በእንፋሎቱ ላይ ሲይዙት ቀስ ብሎ ይቃናል፤ ከዚያ በሁለት ጣታቸው ከሥር ወደ ጫፍ ያበጥሩታል፤ የተከፋፈለው ጠርዝ እንደ ዚፕ ተመልሶ ይገጥማል።

«እዩ፣ እዩ! እንደ አዲስ ሆነ!» አሉ። «እኔን ማን እንዲህ በእንፋሎት በያዘኝ!»

ሐኪሟ ግራ ክንፉን እየለካች፣ ለቀኙ በዚያው ልክ ትቆርጣለች። ችካሉን ትስላለች፤ ትሞክራለች፤ ታወጣለች፤ እንደገና ትስላለች። የአንዱ ላባ ሙጫ ሌላውን እንዳይነካ በየሥሩ ወረቀት ታስገባለች። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ላይ ጭላቱ ተፈራገጠ፣ ዋርሳዋም ፎጣውን ጠበቅ አደረገ። ሁለት ላባዎች በእንፋሎትም በልመናም አልቃና አሉ፤ እነሱን ተወቻቸው። ያለ እነሱም ይበራል ብላ ገመተች፤ ግምት መሆኑን ግን አልደበቀችም።

«እነዚህ የተዋሳቸው ላባዎች እስከ መቼ ይቆዩለታል?» ሲሉ አማቷ ጠየቁ።

«የራሱ እስኪበቅል። በየተራ ይወድቃሉ፤ ከሥራቸው አዲሱ ይወጣል።»

«የት ነው የሚወድቁት?»

«እሱ በሄደበት። የት እንደሚሆን ማን ያውቃል። ከባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል።»

አሮጊቷ የያዙትን ላባ በእንፋሎቱ ውስጥ አገላብጠው አዩት። «ጥሩ» አሉ። «ልጄ መሄድ ይወድ ነበር።»

ሐኪሟ አጎንብሳ ቀጣዩን ችካል መሳል ቀጠለች። የሚሳለው ችካል ትንሽ ስለነበር ዓይኗን ጠጋ ማድረግ ነበረባት።

* * *

የተቀጠለ ክንፍ ሳይፈተን አይለቀቅም። ለመፈተን ደግሞ ረጅም፣ የተዘጋ፣ ባዶ ክፍል ያስፈልጋል። በአካባቢው እንዲህ ያለ ክፍል የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው።

«አይሆንም» አለ ዋርሳዋ።

«አንደኛው ዶሮ ቤትህ ባዶ አይደለም እንዴ? አዲሶቹ ጫጩቶች እስኪመጡ?»

«ባዶ ነው። ግን እትዬ፣ አስቢው እስቲ። ጭላት! በገዛ እጄ! ዶሮ ቤት! የሰማ ዶሮ አርቢ ሁሉ በምን ዓይኑ ያየኛል? ‹ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት› የተባለው በእኔ ሊደርስ ነው።»

«እንግዲህ እንዳልክ» አለች፤ ካልሲውንም ማጠፍ ጀመረች።

«ማጽዳቱ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ። በዚህ ጥያቄ ነገሩ ማለቁን ሦስቱም አወቁ።

መጀመሪያ ቀን ጭላቱ ከጫፍ እስከ መሐል በረረና መሬት ላይ አረፈ። መውደቅ አልነበረም፤ ማረፍ ነበር። ዋርሳዋ በበሩ ቀዳዳ በኩል እያየ «ቀና ብሏል! ዘንበል አላለም!» ብሎ ጮኸ፤ ሐኪሟ በክርኗ ጎሸመችው። በሚቀጥሉት ቀናት ከዳር እስከ ዳር ደረሰ፤ ከዚያም ዞሮ መመለስ ቻለ። አማቷ በየማታው «ዛሬስ?» ይላሉ፤ ሲነገራቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ሐኪሟ ደግሞ ጭላቱ ሲያርፍ የቀኝ ክንፉን አጣጠፍ ታያለች፤ ሙጫው እንደያዘ ነው።

በእነዚያ ቀናት ዋርሳዋን አንድ ነገር አሳየችው። የጫጩቶቹ ግቢ ላይ ያለው መረብ ላልቶ የተንጠለጠለ ነበር፤ ወፍ የሚያጠምደው የላላ መረብ ነው። የተወጠረ መረብ ላይ ግን ወፍ ነጥሮ ይመለሳል፤ ጫጩቱም ይተርፋል፣ ወፉም ይተርፋል። ዋርሳዋ እያጉረመረመ አዲስ ምሰሶ ተከለ፤ ሽቦውን እንደ ክራር ጅማት እስኪጮህ ወጠረው። ሲጨርስ በጣቱ መታ መታ አደረገውና ደስ አለው። ባይናገርም ሦስት ጊዜ ተመልሶ ሲመታው አይታለች።

ነፋሱ ሙሉ በሙሉ የዞረ ዕለት ስልኳ ክሊኒኩ ውስጥ ጮኸ።

«እትዬ፣ እየሄዱ ነው! የቄራው ዛፎች ባዶ እየሆኑ ነው! ግማሾቹ ትናንት ሄደዋል አሉ፣ የቀሩት አሁን እየተነሡ ነው፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

የአንዲት ድመት ጆሮ እየጠረገች ነበር። ጆሮውን ለረዳቷ አስረክባ ወጣች።

ዶሮ ቤቶቹ ዘንድ ስትደርስ አማቷ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዋርሳዋ በመኪና አምጥቷቸዋል። በላያቸው ጭላቶች ሞቃቱን አየር ተደግፈው፣ ክንፍ ሳያንቀሳቅሱ፣ እየዞሩ እየዞሩ ይወጣሉ። ከፍ ሲሉ ያንሳሉ፤ ጫፉ ላይ የደረሱት ወደ አንድ አቅጣጫ መንሸራተት ይጀምራሉ። በሩቁ ከሚታዩት የቄራ ዛፎች የሚነሡት ጥቂት ቀርተዋል።

ሐኪሟ ዶሮ ቤቱ ገብታ ጭላቱን በፎጣ ይዛው ወጣች። ልቡ በመዳፏ ሥር ይመታል። የቀኝ ክንፉን ለመጨረሻ ጊዜ ዘርግታ አየችው። የተቀጠሉት ላባዎች ከራሱ ላባዎች ትንሽ ፈዘዝ ይላሉ፤ ልብ ብሎ ላየ ብቻ።

«አንቺ ነሽ የምትለቂው» አሉ አማቷ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ፎጣውን ገለጠች፤ እጇን ከፍ አደረገች፤ ለቀቀችው።

ጭላቱ ዝቅ ብሎ ወጣ፤ ግቢውን አቋረጠ፤ ከዚያም በቀጥታ ሄዶ የሁለተኛው ዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ ዘፍ አለ። ከሥሩ ዶሮዎቹ አንድ ላይ ኡኡታቸውን አቀለጡት።

«ምን አልኩ!» አለ ዋርሳዋ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። «ምን አልኩ እኔ! የድሮ አመሉን አልረሳም!»

«ዝም በል» አሉ እናቱ።

ጭላቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ። የተወጠረውን መረብ አየ፤ ከመረቡ ሥር የሚራወጡትን ጫጩቶች አየ። ሐኪሟ እጇ ባዶ ሆኖ በአየር ላይ እንደቀረ አላስተዋለችም። ከላይ ፉጨት መጣ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። ጭላቱ አንገቱን አቀና። ክንፉን ዘረጋ፤ ዘርግቶም ለአፍታ ያህል በነፋሱ እንዲመዘን ተወው፤ የሚመዝነው ግራውን ይሁን ቀኙን ማወቅ አይቻልም ነበር። ከዚያ ጣሪያውን በእግሩ ገፋ።

በዶሮ ቤቱ ላይ አንድ ጊዜ ዞረ። ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ክንፉን ማርገብገብ ተወ። ሁለተኛ ሲዞር ከምሰሶዎቹ በላይ ነበር፤ ሦስተኛ ሲዞር ከዛፎቹ በላይ። ዘግይተው ከተነሡት ከጥቂቶቹ ጋር ተቀላቀለ፤ አንዱ ጠጋ አለው፤ ሌላው ከሥሩ አለፈ። ሁሉም ቡናማ ናቸው፤ የሁሉም ጅራት የተሰነጠቀ ነው፤ ከዚያ ርቀት የፈዘዘ ላባ አይለይም።

ዋርሳዋ ፀሐዩን በኮፍያው ጋርዶ ቀና እንዳለ ቀረ።

«የትኛው ነው የእኛ?»

ሐኪሟ ፈለገች። አንዱን ይዛ ተከተለችው፤ ሲዞር ሌላው አለፈበት፤ ጠፋባት። እንደገና ፈለገች።

«አላውቅም» አለች። «መለየት አልቻልኩም።»

«እና ይኼ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

«በጣም ጥሩ ነው» አለች ሐኪሟ። ጭላቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ መንሸራተት እስኪጀምሩ ድረስም፣ ሁሉንም እኩል እያየች፣ እዚያው ቆመች።